ስሙን ለደበቀ መድኃኒት ይገኝለታልን?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው አባባል በአገራችን ስለ ኤችአይቪ በተሰጠው ትምህርት ውስጥ ደጋግሞ ተነግሯል። አባባሉ እውነትነት አለው። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ መኖሩን ያላወቀ ሰው መድኃኒት ሊጀምር አይችልም፤ መድኃኒት ያልጀመረ ሰው ደግሞ ራሱም ይጎዳል፣ ለሚወደውም ሰው ያስተላልፋል። ይሁን እንጂ አባባሉ በሽታን መግለጥንና ማንነትን መግለጥን እንደ አንድ ነገር ይቈጥራል። ለብዙ ሰው ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። ማንነቱ ቢገለጥ ሥራውን፣ መኖሪያውን፣ ቤተ ዘመዱንና ነፃነቱን ሊያጣ ለሚችል ሰው ግን በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የሞትና የሕይወት ርቀት ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ የሚገኙትን፣ ማለትም ከወንድ ጋር የፍቅር ግንኙነት ያላቸውን ወንዶች ነው። ጉዳዩ በአገራችን በአደባባይ የማይወሳ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ያስቀጣል። እኛ በዚህ ገጽ የሕግ ወይም የሃይማኖት ክርክር ልንከፍት አልተነሣንም። የተነሣንበት ጥያቄ የሳይንስ ጥያቄ ነው፦ ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ የሚፈሩ ሁለት ሰዎች በስልክና በኢንተርኔት አማካይነት ከኤችአይቪ ራሳቸውን ሊጠብቁ ይችላሉን? ከቻሉስ እንዴት? ጥያቄው የእነርሱ ብቻ እንዳይመስለን። ቫይረሱ በአንድ ኅብረተሰብ ውስጥ የሚጓዘው በሰዎች መካከል በተዘረጋው መረብ ላይ ነው፤ ከመረቡ አንዱ ክር በጨለማ ውስጥ ሲቀር የቀሩትም ክሮች ይነካሉ። በማኅበረሰቡ ግፊት ሚስት አግብተው የሚኖሩ መኖራቸውን ስናስብ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆንልናል።

ሰው የበዛበት፣ ግላዊነት ያነሰበት ሥፍራ

ጥያቄውን በአንድ ተጨባጭ ሥፍራ ላይ አስቀምጠን እንመርምረው። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ሲደረግ የተመሠረተው መርካቶ ዛሬ የአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ እምብርት ነው። ከሸማ ተራ እስከ ምን አለሽ ተራ፣ ከሲኒማ ራስ እስከ አውቶቡስ ተራ ድረስ ያለው መሬት በቀን በሰው ይጥለቀለቃል። ከየክፍለ ሀገሩ በአውቶቡስ የሚመጣው ወጣት ሥራ የሚፈልገው እዚሁ ነው፤ የሚያድረውም ብዙ ጊዜ እዚሁ ነው፤ አንዲት ክፍል ለብዙ ሆኖ በደባልነት ይከራያል። የጎረቤት ሳል በሚሰማበት የጭቃ ግድግዳ መካከል ምስጢር የሚባል ነገር አይኖርም። ማን ወደ ጤና ጣቢያ እንደገባ፣ በየትኛው በር እንደወጣ፣ ምን ዓይነት ካርድ በእጁ እንደያዘ የሚያይ ዓይን አይጠፋም።

በአንጻሩ እያንዳንዱ ወጣት በኪሱ የያዘው ስልክ አለ። በመርካቶ ከሚሸጡት ዕቃዎች ሁሉ ለባለቤቱ የግል ክፍል ሆኖ የሚያገለግለው ምናልባት ይህ ብቻ ነው። በሩ በኮድ ይዘጋል፤ በውስጡም ያለ ምስክር መጠየቅና መልስ ማግኘት ይቻላል።

በስልክ ምክር መስጠት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ሥራ የጀመረው «ወገን» የተባለው የ952 ነፃ የስልክ መስመር ደዋዩ ስሙን ሳይናገር ስለ ኤችአይቪ የፈለገውን እንዲጠይቅና ከሠለጠነ አማካሪ መልስ እንዲያገኝ ያደረገ አገልግሎት ነበር። ወቅቱ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት የጀመረበት ጊዜ ስለነበር ጥያቄው ብዙ ነበር። መስመሩ ያስተማረን ቁም ነገር አለ፦ ሰው ስሙ ካልተጠየቀ ፊት ለፊት የማይጠይቀውን ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ የነበረው ትምህርት፣ ፖስተሩም ሆነ የሬዲዮ ድራማው፣ የሚናገረው ስለ ወንድና ሴት ብቻ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ባሳተሟቸው ጥናቶች በአዲስ አበባ ከወንዶች ጋር ግንኙነት ያላቸው ወንዶች ተሰውረው እንደሚኖሩና የመከላከያ ትምህርቱ እነርሱን ሳያስብ እንዳለፋቸው አሳይተዋል። ያልተነገረው ነገር ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ በግምት ይሞላል። በልዩ ልዩ የአፍሪካ ከተሞች የተካሄዱ ጥናቶች አንዳንድ ወንዶች «ስለ ወንድና ወንድ አልተነገረም፤ እንግዲህ አደጋ የለውም» ብለው እስከ ማመን መድረሳቸውን ዘግበዋል። እውነታው የዚህ ተቃራኒ ነው።

ቫይረሱ በምን ይሻገራል?

ኤችአይቪ ሰውን በጾታው ወይም በፍቅሩ አይመርጥም፤ የሚፈልገው ወደ ደም የሚገባበትን በርና የሚያጠቃቸውን የሲዲ4 ሕዋሳት ነው። የሴት ብልት የውስጥ ሽፋን ከብዙ ረድፍ በተደራረቡ ሕዋሳት የተሠራ ነው። የፊንጢጣ የውስጥ ሽፋን ግን የአንድ ረድፍ ሕዋሳት ውፍረት ብቻ አለው፤ በቀላሉ ይላጣል፤ ከሥሩም ቫይረሱ የሚፈልጋቸው የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት በብዛት ይገኛሉ። በዚህ ምክንያት በፊንጢጣ የሚፈጸም ግንኙነት፣ በወንዶች መካከልም ሆነ በወንድና በሴት መካከል፣ ከሌሎቹ ይልቅ ለቫይረሱ የተመቸ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የጥናቶች ድምር ግምገማ ልዩነቱን በቍጥር አስቀምጦታል። ቫይረሱ በደሙ ካለና መድኃኒት ከማይወስድ ሰው ጋር ያለ ኮንዶም ከሚፈጸም 10,000 ግንኙነት፣ በፊንጢጣ ተቀባይ የሆነው ወገን የመያዝ ዕድሉ 138 ጊዜ ያህል ነው፤ በፊንጢጣ ሰጪ የሆነው 11 ጊዜ፤ በብልት ተቀባይ የሆነችው ሴት ደግሞ 8 ጊዜ ያህል። አንባቢ «138 ከ10,000 ማለት 1.38 በመቶ ነው፤ ትንሽ ነው» ይል ይሆናል። የፕሮባቢሊቲ ትምህርት የቀመሰ ተማሪ ግን በዚህ አይረካም። የአንድ ጊዜው ዕድል 0.0138 ከሆነና ሁልጊዜም ያው ነው ብንል፣ በ50 ጊዜ ውስጥ ሳይያዙ የመቅረት ዕድል 0.9862ን 50 ጊዜ ከራሱ ጋር በማባዛት ይገኛል። ውጤቱ 0.50 ያህል ነው። ይህም ማለት አብረው ለሚኖሩ ጥንዶች በአንድ ዓመት ውስጥ አደጋው ሳንቲም አፍርቶ እንደ መወርወር ይሆናል።

መከላከያውም እንደዚሁ ቀላል ዕውቀት ይጠይቃል። ኮንዶም ከላቴክስ የተሠራ ነው፤ ላቴክስ ደግሞ በዘይትና በቅባት ይዳከማል። በየሱቁ የሚገኘው ቫዝሊን፣ የምግብ ዘይት ወይም የሰውነት ቅባት ከኮንዶም ጋር ሲውል በደቂቃዎች ውስጥ ያሳሳዋል፤ ይቀደዳልም። ከኮንዶም ጋር የሚስማማው ከውኃ ወይም ከሲሊኮን የተሠራ ማለስለሻ ብቻ ነው። እንዲህ ያለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር በማንኛውም ፖስተር ላይ ስላልተጻፈች ስንቱ ጥንቃቄ ከንቱ ሆኖ ይሆን? የኢንተርኔት ምክር የመጀመሪያ ጥቅሙ እንዲህ ያለውን በአደባባይ የማይነገር ነገር በግል መንገር መቻሉ ነው።

ከኪጋሊ እስከ አትላንታ

ምርመራን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የአንድ ሰው ውጤት የሚናገረው ስለዚያ ሰው ብቻ ነው። «ጓደኛዬ ተመርምሮ ነፃ ነው፤ ስለዚህ እኔም ነፃ ነኝ» ማለት ስሌቱን መሳት ነው። ሁለት ሰዎች ሲመረመሩ ሊገኙ የሚችሉት ውጤቶች አራት ናቸው፦ ሁለቱም ነፃ፣ ሁለቱም ቫይረሱ ያለባቸው፣ የመጀመሪያው ብቻ ያለበት፣ ሁለተኛው ብቻ ያለበት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተለያየ ውጤት ያላቸው ጥንዶች የሚባሉት ናቸው፤ መከላከል ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገውም እዚያ ላይ ነው።

ጥንዶችን በአንድነት አስቀምጦ የመምከርና የመመርመር ዘዴ የተወለደው በአፍሪካ ምድር ነው። አሜሪካዊቷ ሐኪም ሱዛን አለን እ.ኤ.አ. በ1986 በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ በጀመረችው ሥራ ባልና ሚስት አብረው ይመከራሉ፣ አብረው ይመረመራሉ፣ ውጤታቸውንም አብረው ይሰማሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመው ጥናት የተለያየ ውጤት ከነበራቸው ጥንዶች መካከል ኮንዶም የሚጠቀሙት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ4 በመቶ ወደ 57 በመቶ ማደጋቸውን አሳየ። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1994 ወደ ዛምቢያ ተሻገረ።

ይህ ዕውቀት ከዚያ በኋላ ያደረገው ጉዞ ከተለመደው የተገላቢጦሽ ነው፤ ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2009 ፓትሪክ ሱሊቫንና ባልደረቦቹ በአምስት የአሜሪካ ከተሞች መረጃ ላይ ተመሥርተው ባወጡት ስሌት፣ ከወንዶች ጋር ግንኙነት ባላቸው ወንዶች መካከል ከሚፈጠሩት አዳዲስ ሕመምተኞች 68 በመቶ ያህሉ ቫይረሱን ያገኙት ከዋናው የፍቅር ጓደኛቸው መሆኑን ገለጡ። ምክንያቱ ለማስተዋል አይከብድም። ሰው የማያውቀውን ይጠነቀቃል፤ የሚወደውን ግን ያምናል፤ እምነት ሲመጣ ኮንዶም ይቀራል። ከዚህ በኋላ ሱሊቫን፣ ሮብ ስቲቨንሰንና ሌሎች ተመራማሪዎች የኪጋሊንና የሉሳካን ዘዴ በአትላንታና በሌሎች ከተሞች ለወንድ ጥንዶች አስማሙት።

ቀጣዩ ርምጃ ወደ ኢንተርኔት ነበር። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በስቲቨንሰን የተመራው ሙከራ የመመርመሪያ ዕቃውን በፖስታ ወደ ቤት ይልካል፤ ጥንዶቹ በቪዲዮ ጥሪ ከአማካሪው ጋር ተገናኝተው እየተመሩ ራሳቸውን ይመረምራሉ፤ ውጤቱንም በአማካሪው ፊት አብረው ያያሉ። የምክሩ ሥርዓት የአሠራር ቅደም ተከተል አለው። አማካሪው በመጀመሪያ እያንዳንዳቸው በፈቃዳቸው መምጣታቸውን ያረጋግጣል። ቀጥሎ «ባለፈው ማን ምን አደረገ?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ጎን ትቶ «ከዛሬ ጀምሮ ምን እናድርግ?» በሚለው ላይ ያተኩራል። በመጨረሻም እንደ ውጤቱ ዓይነት አብረው ዕቅድ ያወጣሉ። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ዕውቀትና የጆሮ ምስጢረኛነት ነው፤ ሕንፃና የተራ ቍጥር አይደለም።

ከምርመራው በኋላ ያሉት መሣሪያዎች

ዕቅድ የሚወጣው ግን መሣሪያ ሲኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለአንድ አማካሪ ከኮንዶምና ከመታቀብ በቀር የሚያቀርበው ብዙ አልነበረውም። ዛሬ አራት ጠንካራ መሣሪያዎች አሉ።

የመጀመሪያው ሕክምናው ራሱ ነው። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትን በአግባቡ የሚወስድ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በመሣሪያ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነውና 1,763 ጥንዶች የተሳተፉበት ጥናት ቶሎ የሚጀመር ሕክምና ወደ ጓደኛ መተላለፍን በ96 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው «ፓርትነር 2» የተባለ የአውሮፓ ጥናት ደግሞ በወንድ ጥንዶች ላይ ብቻ ያተኰረ ነበር። በ782 ጥንዶች መካከል 76,088 ጊዜ ያህል ያለ ኮንዶም ግንኙነት ተፈጽሞ፣ መድኃኒት ከሚወስደውና ቫይረሱ በመሣሪያ ከማይታይበት ወገን ወደ ጓደኛው የተላለፈ ቫይረስ አንድም አልተገኘም። በጥናቱ ወቅት 15 ሰዎች ተይዘው ነበር፤ ነገር ግን የቫይረሶቹ የዘር ቅንብር ሲመረመር አንዱም ከጓደኛቸው ያልመጣ፣ ከሌላ ሰው የተገኘ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ቫይረሱ ለሌለበት ሰው የሚሰጥ ቅድመ ተጋላጭነት መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በ2,499 ሰዎች ላይ የተደረገው «አይፕሬክስ» የተባለ ጥናት በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን መያዝን በ44 በመቶ እንደቀነሰ ዘገበ፤ ክኒኑን በትክክል በወሰዱት ላይ ጥበቃው ከዚህ እጅግ የላቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ሌናካፓቪር የተባለው በየ6 ወሩ የሚሰጥ መርፌ ከወሰዱት 2,179 ሰዎች መካከል የተያዙት 2 ብቻ መሆናቸው ተገለጠ። በአገራችን ክኒኑ ለሴተኛ አዳሪዎችና የተለያየ ውጤት ላላቸው ባልና ሚስቶች መሰጠት ተጀምሯል፤ የወንድ ጥንዶች ግን በመመሪያው ውስጥ በስም አልተጠሩም።

ሦስተኛው ከአደጋ በኋላ የሚሰጠው መድኃኒት ነው። ኮንዶም የተቀደደበት ወይም የተገደደ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ መድኃኒቱን ጀምሮ ለ28 ቀናት ቢወስድ ቫይረሱ ሥር ሳይሰድድ ሊከለከል ይችላል። ሰዓቱ እዚህ ላይ ሁሉ ነገር ነው፤ በፍርሃት የባከነ ሦስት ቀን አይመለስም። አራተኛው አስቀድመን ያነሣነው ኮንዶምና ተስማሚ ማለስለሻው ነው፤ ሌሎችን የአባላዘር በሽታዎች የሚከላከለውም እርሱ ነው።

በገበያ መካከል የሚነገር ምስጢር

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። ጥያቄው የሚላከው በሌሎች ኩባንያዎች መስመር ላይ ነው። ታዲያ በመካከል ያለ ሰው ለምን አያነበውም? መልሱ ከሒሳብ ትምህርት ክፍል ውብ ግኝቶች አንዱ ነው።

በመርካቶ ጎዳና ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ነጋዴዎችን እናስብ። በመካከላቸው ሕዝብ ሞልቷል፤ መነጋገር የሚችሉት በመጮኽ ብቻ ነው፤ የሚጮኹትንም ሁሉ ሰው ይሰማል። ሆኖም ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ቍጥር ሊኖራቸው ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን ይህ እንደሚቻል አሳዩ።

ነጋዴዎቹ በመጀመሪያ 5 እና 23 የተባሉትን ቍጥሮች በሕዝብ ፊት ይመርጣሉ። አንደኛው 6ን በልቡ ይይዛል፤ 5ን 6 ጊዜ ከራሱ ጋር ሲያባዛ 15,625 ያገኛል፤ ይህን ለ23 ሲያካፍል ቀሪው 8 ነው፤ «8!» ብሎ ይጮኻል። ሁለተኛው 15ን በልቡ ይይዛል፤ 5ን 15 ጊዜ አባዝቶ 30,517,578,125 ያገኛል፤ ለ23 ሲካፈል ቀሪው 19 ነው፤ «19!» ብሎ ይጮኻል። አሁን አንደኛው የሰማውን 19 በልቡ በያዘው 6 ከፍ ያደርገዋል፤ 47,045,881 ይሆናል፤ ለ23 ሲካፈል ቀሪው 2 ነው። ሁለተኛውም የሰማውን 8 በልቡ በያዘው 15 ከፍ አድርጎ ለ23 ሲያካፍል ቀሪው ያው 2 ነው። ሕዝቡ 5ን፣ 23ን፣ 8ንና 19ን ሰምቷል፤ 2ን ግን ማንም አልተናገረም። ቍጥሮቹ ትንንሽ ስለሆኑ ጎበዝ ተማሪ ሞክሮ ሊደርስበት ይችላል፤ በመቶዎች የሚቈጠር አኀዝ ያላቸው ሲሆኑ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ የተደበቀውን ቍጥር ማግኘት ዛሬ ላሉት ኮምፒዩተሮች የማይቻል ይሆናል። ከጫፍ እስከ ጫፍ በተመሰጠረ መልእክት የሚጻጻፉ ሁለት ስልኮች በዚህ ዓይነት ስሌት ላይ በተመሠረተ ቍልፍ ይተማመናሉ።

ሆኖም ሒሳቡ የሚጠብቀው መንገዱን ነው፤ ቤቱን አይደለም። በስልኩ መስታወት ላይ ብቅ የሚል የመልእክት ማስታወቂያ በደባል ዓይን ይነበባል። ስልኩ ተበላሽቶ ለጠጋኝ ሲሰጥ ኮዱም አብሮ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ ምስጠራው ሁሉ ከንቱ ነው። አሮጌ ስልክ ሳይጸዳ ሲሸጥ የባለቤቱ ታሪክ አብሮ ይሸጣል። መልእክቱ ቢመሰጠርም ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየው መረጃ ሊቀር ይችላል፤ የስልክ ቍጥር ደግሞ በመታወቂያ የተመዘገበ ነው። ከዚህም በላይ የሚያስፈራው በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በቲክቶክ የሰዎችን ስምና ፎቶግራፍ እያወጡ ለጥቃት የሚያነሣሡ ቪዲዮዎች በአገራችን በስፋት ተሠራጭተው ነበር። መድኃኒት ያመጣው መስመር መርዝም ያመጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሠራ ባለሙያ ስም፣ ፎቶግራፍና አድራሻ ባይጠይቅ ይሻላል፤ ያልተመዘገበ መረጃ አይሰረቅም፣ አይነጠቅምም።

ስልክ የማይሠራው ሥራ

የኢንተርኔት ምክር ሁሉን ያደርጋል ብለን አንባቢን ልናታልል አንፈልግም። ስልክ ደም አይቀዳም፤ ክኒንም አያስረክብም። ራስን በራስ የመመርመሪያው ዕቃ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 የደገፈው ቢሆንም የሚሰጠው መልስ የመጨረሻ አይደለም። ለምን እንደሆነ በምሳሌ እንመልከት። ከ100 ሰው አንዱ ቫይረሱ ባለበት ሕዝብ ውስጥ 10,000 ሰዎች 99 በመቶ ትክክል በሆነ መመርመሪያ ተመረመሩ እንበል። ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች መካከል 99ኙ ይታወቃሉ። ከሌለባቸው 9,900 ሰዎች መካከል ግን 1 በመቶው፣ ማለትም 99ኙ፣ በስሕተት «አለባችሁ» ይባላሉ። እንግዲህ «አለባችሁ» ከተባሉት 198 ሰዎች ግማሹ ቫይረሱ የለባቸውም ማለት ነው። ተከታታይ የማረጋገጫ ምርመራ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህ ደግሞ በጤና ተቋም የሚሠራ ሥራ ነው። በሌላ በኩል በቅርቡ የተያዘ ሰው የመስኮት ወቅት በሚባለው ጊዜ ውስጥ ነፃ መስሎ ሊታይ ስለሚችል ምርመራው ከ3 ወር በኋላ ሊደገም ይገባል።

ሌላም ስስ ጎን አለ። በጥንዶች መካከል ሁልጊዜ እኩልነት አይኖርም። አንዱ ቤት ተከራይቶ ሌላው የሚጠጋበት፣ አንዱ የሚያተርፍ ሌላው የሚሸከም ሊሆን ይችላል። ባለ ጉልበቱ ሌላውን አስገድዶ ቢያስመረምረው፣ ውጤቱንም ማስፈራሪያ ቢያደርገው፣ በመስታወት ውስጥ ያለው አማካሪ ከካሜራው ውጭ ያለውን እጅ አያይም። ስለዚህ የሠለጠነ አማካሪ አስቀድሞ እያንዳንዱን ለብቻው ያነጋግራል፤ ግዳጅ ከጠረጠረም የጥንድ ምክሩን አይቀጥልም።

ከሁሉ በላይ ግን መንገዱ የሚያልቀው በጤና ጣቢያ በር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2018 የተካሄደው አገራዊ ዳሰሳ በከተሞቻችን ከ15 እስከ 64 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች 3.0 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ አሳይቷል። እነዚህን ሁሉ የሚያስተናግደው በሩ ያው አንድ በር ነው። በስልክ «ሂድ፣ ተመርመር» የተባለ ወጣት በሩ ላይ ሲደርስ በስድብ ከተመለሰ ወይም ምስጢሩ ከተወራ፣ ስልኩ የሠራው ሥራ ሁሉ ይፈርሳል፤ ሁለተኛም አይመጣም። ሐኪም የሕመምተኛውን ምስጢር ይጠብቅ ዘንድ የሚያስገድደው ሥነ ምግባር ሕመምተኞችን አይለይም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26ም የግል ሕይወት መከበርን ለማንኛውም ሰው ይደነግጋል።

ማጠቃለያ

እ.ኤ.አ. በ2011 አፍሪካ አቀፉ የኤድስ ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲካሄድ፣ ከጉባኤው አስቀድሞ ስለ እነዚሁ ወንዶች ጤና ለመወያየት የታሰበው ስብሰባ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሳይንሱ ብዙ ተራምዷል፤ ንግግሩ ግን ብዙም አልተራመደም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ የኤችአይቪ አገልግሎታችን ምን ያህል በሌላ እጅ ላይ እንደቆመ ታየ። ገንዘብ ሲያንስ አስቀድሞ የሚቀረው በሰነድ ላይ ስሙ ያልተጻፈው ነው።

በርእሳችን ላይ ላነሣነው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ክኒኑ የሚውጠውን ሰው ስም አያውቅም፤ ቫይረሱም አያውቅም። ስሙን የሰወረ ሰው ስለ በሽታው ሊጠይቅ፣ ከጓደኛው ጋር ሊመረመርና መከላከያውን ሊያውቅ ይችላል፤ የኪጋሊ ዘዴና የዲፊ ስሌት ተባብረው ይህን አስችለዋል። መድኃኒቱን በእጁ ለማስገባት ግን ቢያንስ አንድ ሰው ፊት መቆም አለበት። ያ ሰው ነርስ፣ ፋርማሲስት ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ይህን መጽሔት ከሚያነቡት ተማሪዎች መካከል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነጭ ጋውን ለብሰው በዚያ መስኮት የሚቀመጡ አሉ። አንድ ወጣት ሦስቱ ቀን ሳያልቅበት ፈርቶ እየተንቀጠቀጠ ሲመጣ የሚያገኘው እነርሱን ነው። ያን ጊዜ የሚጠየቁት የእምነታቸውን መልስ ሳይሆን ሰዓቱን ነው፤ ከ72ቱ ሰዓት ስንቱ ቀርቷል?